ሐሙስ ምሳ በሙሉነሽ ቤት

ፒያሳ፣ መጋቢት 1973 ዓ.ም.

ለምወድሽ ታናሽ እህቴ ለአይናዲስ፤ ጅማ ተስማማሽ ወይ? እኔና እማዬ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ከምግብ ጋር ተጣልተን የነበርን አራት ሴቶች ዛሬም በየሐሙሱ ከጊዮርጊስ ጀርባ በሙሉነሽ ቤት ምሳ አብረን እንበላለን። የቀበሌው ሰው «የምን ስብሰባ ነው?» ብሎ ቢመጣ ሙሉነሽ «የምሳ ነው፤ ቁጭ በል!» ብላ አጎረሰችው።

ባለፈው ሐሙስ ከአራታችን አንዷ አክበረት «ጾመኛ ነኝ፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አልቀምስም» ብላ እጇን ሰበሰበች። የነፍስ አባቷ ግን እስክትድን ድረስ በሰዓቱ እንድትበላ ነግረዋታል። ሙሉነሽ የጠቀለለችውን ጉርሻ መልሳ አስቀመጠችና «እንግዲያው እንጠብቅሻለን» አለቻት። ሽሮው ቀዘቀዘ፤ ማንም አልተቆጣትም። በመጨረሻ እያለቀሰች ጎረሰች፤ እኛም በላን። አምና እኔንም እንዲሁ ነበር የጠበቁኝ።

የላክሽው ፎቶግራፍ ደርሶናል። እማዬ አይታ «ይሄ የዋጣት ኮት የማን ነው?» አለችኝ። ለአምና ፋሲካ እኔው በልክሽ የሰፋሁልሽ መሆኑን አልነገርኳትም። አንቺም ጾሙን አጥብቀሽ እንደያዝሽ ጽፈሻል።

ከልብስ ስፌቱ ፈቃድ ወስጃለሁ። እንዳትመጪ ብትዪኝም አልሰማሽም። ቅዳሜ በአውቶቡስ እደርሳለሁና ምሳ ለሁለት ሥሪ።

እስክንገናኝ ጊዮርጊስ ከአጠገብሽ አይለይ።

እህትሽ የሺዓለም