ሆኪ ሜዳ ላይ «እኔን!» ማለቴ

ቅዳሜ፣ የካቲት 9 ቀን 1988 ዓ.ም.፣ ሁስቢ፣ ስዊድን

ዛሬ በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ የበረዶ ሆኪ አየሁ። የእህቴ ልጅ ሰላም ለኮሌጇ ቡድን ትጫወታለች። «ነይ፣ ግን እንዳታሳፍሪኝ» ብላ ነው የጋበዘችኝ። እኔ ደግሞ ሰው ሲወድቅ እያየሁ አፌን መያዝ አልችልም፤ እነዚህ ልጆች የሚወድቁት በየደቂቃው ነው! አንዷ በተዘረረች ቁጥር «እኔን!» እላለሁ፤ የኛ ትሁን የነሱ አልለይም። ስዊድኖቹ ዞር ዞር እያሉ ያዩኛል። አብረውኝ የመጡት፣ በተማሪነት መጥተው እዚሁ አገር የሸበቱት ጎረቤቴ ጋሽ ጌታቸው አንገታቸውን ካፖርታቸው ውስጥ ቀበሩ። ሰርግ ላይ ከሁሉ በላይ የሚጮኹት እሳቸው ናቸው እኮ!

«ኧረ ባክሽ፣ ጨዋታ ነው! እዚህ አገር ሰው ወደቀ ተብሎ አይጮህም።»

«ታዲያ ምን ይደረጋል ጋሼ? ዝም ብሎ ይታያል?»

ወዲያው ሰላም ራሷ ሜዳውን ከከበበው የመስታወት አጥር ጋር ተላተመችና ወደቀች። «እኔን ልጄን!» ብዬ ተነሳሁ። አዳራሹ በሙሉ ሰማኝ።

ስንመለስ ባቡር ውስጥ ሰላም ጉልበቷን እያሸች፣ በስዊድንኛ «ሁለተኛ እንዳትመጪ» አለችኝ። ኩርፊያዋ አይጣል ነው። እኔም በአማርኛዬ መለስኩላት፦

«እመጣለሁ። ዝም እንድል ከፈለግሽ አንቺ አትውደቂ።»