አባዬ የጨመረው ቀይ ዘይት

ለውድ እትዬ፣

እንደምን አለሽልኝ? ጤናሽስ እንዴት ነው? ወገብሽ ተሻለሽ ወይስ አሁንም እማዬን ደግፈሽ ደረጃውን ስታወርጂያት ይወጋሻል? ባለቤትሽ፣ ልጆችሽ፣ ቤቱስ ሁሉ ሰላም ነው? እኔ በጤናዬ ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ እሠራለሁ፣ እተኛለሁ። ከዚህ ሌላ የምነግርሽ ቢኖረኝ ደስ ባለኝ፤ የለኝም። ይህን በስልክ ያላወራሁሽ እማዬ ከአጠገብሽ ስለማትጠፋ ነው፤ ጽፌ ፎቶውን በስልክሽ ልኬልሻለሁና ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው።

አባዬ ማረፉን የነገርሽኝ ዕለት መኪና ሥር ተኝቼ ነበር። ስልኩን ዘጋሁና የጀመርኩትን ብሎን አጥብቄ ጨረስኩ። አለቃዬ ወደ ቤትህ ሂድ አለኝ። ቤት ገብቼ ምን እንደማደርግ ስላላወቅኩ ሌላ መኪና አስገባሁ። እስካሁን አላለቀስኩም። ጥርስ ሲነቀል በመርፌ የደነዘዘ ከንፈር ታውቂያለሽ፣ ብትነክሺውም አይሰማሽም፤ እንደዚያ ነኝ። የሥራ ባልደረቦቼ ብርቱ ነው ይሉኛል፣ ብርታት እንኳ አይደለም። እንድታዝኚብኝ ሳይሆን እንድታውቂው ብዬ ነው የጻፍኩልሽ።

አሁን ወደ አባዬ መኪና ልምጣ። የላክሽልኝን ቪዲዮ በምሳ ሰዓት ደጋግሜ አዳመጥኩት። ዳገቱን ስትጀምሪ ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው ግን አይስብም፤ ከዚያ ብርድ እንደያዘው ሰው ይንቀጠቀጣል። ሰፈሩ «አውርደው» የሚል ስም ያወጣለት መካኒክ ካምቢዮው ሞቷልና ይውረድ፣ በሌላ ይቀየር ማለቱ አይገርመኝም። እሱ እኮ የፊት መብራት ቢጠፋም ካምቢዮ ይውረድ የሚል ሰው ነው። ይህን ደብዳቤ ሳትጨርሺ አንድ ብሎን እንዳይፈታ።

የዚህ መኪና ካምቢዮ እንደ ድሮዎቹ አንደኛ፣ ሁለተኛ እያለ የሚገባ ማርሽ የለውም። ፑሌጃ በሚባሉ ሁለት መዘውሮች ላይ እንደ ቀበቶ የተጠመጠመ የብረት ቺንጋ ይዞራል፤ ፑሌጃዎቹ እየጠበቡና እየሰፉ ጉልበቱንና ፍጥነቱን ይለዋውጣሉ። ቺንጋው ቆንጥጦ እንዲይዝ የሚያደርገው ዘይቱ ነው። ለእሱ ተብሎ የተሠራ ዘይት አለው፣ ሌላውን አይወድም። ዕድሜ ልኩን ከባድ መኪና ሲነዳ የኖረው አባታችን ይህን መቼ ይሰማል? ማርሽ ሲገባ በጆሮው ካልሰማ የነዳ አይመስለውም ነበር። ይህች መኪና የልቧን የማትናገር ሰው ናት ብሎ ሲያማት ትዝ ይለኛል።

ከኋላ ወንበር ሥር አገኘሁት ብለሽ ፎቶውን የላክሽልኝ፣ ግማሹ የጎደለው ጣሳ የተራ አውቶማቲክ ካምቢዮ ቀይ ዘይት ነው። አባዬ ጎድሏል ብሎ የጨመረው እሱን ነው፤ ዘይት ያው ዘይት ነው ብሎ። ምነው እኔን በጠየቀኝ እላለሁ። ሲደውል ግን የሚጠይቀኝ በልቼ እንደሆነ ብቻ ነበር።

አውርደውን እንዲህ በዪው። ዘይቱን ያፍስስና የታችኛውን ክዳን ይክፈት። ክዳኑ ውስጥ ማግኔት አለ፤ አንቺ ራስሽ እዪው። የያዘው እንደ ኩል የላመ ጥቁር ጭቃ ከሆነ አትስጊ፣ የማንኛውም መኪና ነው። ስታሺው ጣትሽን የሚወጋ የብረት ስባሪ ካለበት ግን ቺንጋው ፑሌጃውን በልቶታል ማለት ነው፤ ያን ጊዜ አውርደው በዕድሜው አንዴ ልክ ይሆናል። ስባሪ ከሌለ ፊልትሮውን ይቀይርና በመኪናው መጽሐፍ ላይ የተጻፈውን ዘይት ብቻ ይሙላ። ይሄም ያው ነው ቢልሽ አትስሚው። የዘይቱን ልክ የሚያየው መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ፣ ሞተሩ ሞቆና እየሠራ ነው። አንዴ ሲፈስ ሁሉም ስለማይወጣ ጥቂት ቀን በሜዳው ንጂውና ደግሞ ይፍሰስ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነውና እስከዚያ ዳገቱን አትሞክሪው።

እኔን ያሳሰበኝ ግን ካምቢዮው አይደለም። እማዬ የአባትሽን መኪና ገደልሽው ብላ አኩርፋሽ፣ ካንቺ ጋር መኪና አልገባም ብላ ባለፈው ሳምንት ከኩላሊት እጥበቷ ቀረች ብለሽኛል። ኩላሊት ኩርፊያ አያውቅም፣ እትዬ። ጣሳውን አይተሽ፣ ነገሩ ገብቶሽ፣ ሆድ ይፍጀው ብለሽ ዝም ማለትሽንም አውቄያለሁ። አባዬን በመቃብሩ ልታስወቅሺው አልፈለግሽም። እኔም አልፈልግም። ግን የእሱን ጥፋት አንቺ ተሸክመሽ እሷ ቤት ከተቀመጠች ሁለተኛ ቀብር ልንጠራ ነው።

ለባለቤትሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ እንደ ልማዱ ወንበሩን እየፈታ መኪና እጠግናለሁ እንዳይል። ትልቋን ልጅሽን ጉንጯን ሳሚልኝ፣ ትምህርቷን ትበርታ። ትንሹንም ሳሚው፤ ሥዕሉ ደርሶኝ የመሣሪያ ሣጥኔ ክዳን ላይ ለጥፌዋለሁ። ልብስ ሰፊዋን ጎረቤታችንን ስለ አባዬ ለደከመችው ሁሉ እግዜር ይስጥልኝ በያት።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ። ከዚያ አጠገቧ ቁጭ በዪና መኪናውን ያበላሸው ሩቅ ያለው ልጅሽ ነው በያት። ቀዩን ዘይት ጨምርበት ብሎ አባዬን በስልክ ያዘዘው እሱ ነው በያት። መካኒኩ እኔ ነኝና ታምንሻለች። ስትደውልልኝም አዎ፣ አጥፍቻለሁ እላታለሁ። ትቆጣኝ፣ ትርገመኝም፤ እኔ እንደሆንኩ ሩቅ ነኝ፣ አሁን ደግሞ ምንም አያመኝም። ኩርፊያዋን ወደ እኔ ታዙርና ማክሰኞ ካንቺ ጋር በተገኘው መኪና ወደ እጥበቷ ትሂድ።

ወንድምሽ

ከጋራዡ ጀርባ ካለችው ክፍሌ
እሑድ፣ መጋቢት ፲፬ ቀን