ከራሴ መስረቄን ስለደረሳችሁበት

ለተከበሩ የዩኒቨርሲቲው የሥነ ምግባር ኮሚቴ ሰብሳቢ፣

ክቡር ሆይ፣ እርስዎም፣ የኮሚቴዎ አባላትም፣ ከሁላችሁም በላይ የሚደክመው ኮምፒውተራችሁም እንደምን ሰንብታችኋል? እኔ የማታው ክፍል እማማ፣ ደብዳቤያችሁ እስኪደርሰኝ ድረስ ደህና ነበርኩ።

ያስገባሁት አሳይመንት ከሞላ ጎደል የተሰረቀ መሆኑን ስለነገራችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ሌባ ለመባል ጉልበት ያስፈልጋልና፣ ከስንት ዘመን በኋላ ወጣትነት ተሰማኝ።

ይህን ለሚያነብ ሁሉ ነገሩን ላስረዳ። መምህራችን ፊደል እንዴት እንደቆጠርን ጽፈን በኦንላይን እንድናስገባ አዘዙን። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ልጄን ከዳርኩ በኋላ፣ በጎልማሶች ክፍል ነው። እዚያ ያስተማሩኝ ሴትዮ፣ ረቂቁን ያላመጣ ሰው ሌላ ሰው አስጽፎ ነው የመጣው ብለው ስለሚያምኑ፣ ረቂቅና ንጹሕ ቅጂ አብረው ካልቀረቡላቸው አይቀበሉም ነበር። እኔም እንደለመድኩት መጀመሪያ ረቂቄን፣ ቀጥሎ ንጹሑን አስገባሁ። ማሽናችሁ ሁለተኛው ከመጀመሪያው የተቀዳ መሆኑን ደረሰበት። ዕድሜ ይስጠው።

ቅሬታዎቼ እነዚህ ናቸው፦

1. ጽሑፉን ከወሰድኩባት ሰው የጽሑፍ ፈቃድ እንዳመጣ አዛችኋል። ሴትዮዋን ሳልደክም አገኘኋት፤ የምትኖረው እኔ ቤት ነው። ኩርፊያ ብታበዛም ፈርማልኛለች።

2. የሬጅስትራር ቢሮ ጸሐፊዋ ቀና እንኳ ሳትል “እማማ፣ ሲስተሙ አይሳሳትም” አለችኝ። በሁለቱም ጽሑፎች ላይ ስሜ እንዳለ ባሳያት፣ “በሰው ጽሑፍ ላይ ስምዎን መጻፍዎማ ጥፋቱን ያከብደዋል” ብላ መከረችኝ። ለቅንነቷ ምስጋናዬን አድርሱልኝ።

3. አጠገቤ የሚቀመጠው፣ ክፍሉ ሁሉ “ሊቁ” የሚለው ጢማም ጎልማሳ፣ ታሪኩን ከኢንተርኔት ወስዶ ቃላቱን ብቻ ስለቀያየረ፣ ማንበብ የጀመረው ሦስተኛ ልጁን አርግዞ ሳለ መሆኑን ጽፎ በጥሩ ውጤት አልፏል። “እማማ፣ እኔ ከማላውቃት ሴት ቀድቼ አለፍኩ፤ እርስዎ ከሚያውቋት ቀድተው ወደቁ፤ ዘመድ አያዋጣም” እያለ ሲስቅብኝ ከረመ። እኔም ስለ ልጁ “እንኳን ማርያም ማረችህ” ብዬዋለሁ።

4. ወደፊት በራሴ ቃላት እንድጽፍ መክራችሁኛል። ሌላ ሕይወት ኑሪና እሱን ጻፊ ማለታችሁ ከሆነ፣ ትንሽ መሽቷል።

5. ጥፋቴን አምኜ ይቅርታ ከፈረምኩ እንደምመረቅ፣ ካልፈረምኩ እንደምባረር ገልጻችኋል። ልጄም “እማዬ፣ ምን አለበት፣ ፈርመሽ ጋውንሽን ልበሺ” ትለኛለች፤ ጋውኑን ከወዲሁ ተኩሳ ሰቅላዋለች። ክቡር ሆይ፣ እኔ ግማሽ ዕድሜዬን ምን እንደሚል በማላውቀው ወረቀት ላይ ሁሉ አውራ ጣቴን ቀለም እየነከርኩ ስጫን ኖሬያለሁ። የተማርኩት ከመፈረሜ በፊት ለማንበብ ነው። ይህኛውን አነበብኩት፤ ውሸት ነው፤ ስለዚህ አልፈርምም። ጋውኑ እንደተሰቀለ ይቆይ።

የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ዓይን ያለው የኮሚቴ አባል ከተገኘ፣ ሁለቱን ጽሑፎች ጎን ለጎን አድርጎ ያንብባቸው። ካልተገኘም ግድ የለም፤ መነጽሬን አውሳለሁ።

ስለ ውድ ጊዜያችሁ፣ በተለይም ለማንበብ ስላላጠፋችሁት ጊዜ፣ ደግሜ ደጋግሜ እያመሰገንኩ፣

በረቂቅም በንጹሕም ያው አንድ ሴት የሆንኩ፣
የማታው ክፍል እማማ

ማሳሰቢያ፦ የላካችሁልኝ ደብዳቤ “አቶ” ብሎ ይጀምርና፣ ለጋ ዕድሜዬን ከግምት በማስገባት ቅጣቱ መቅለሉን ገልጾ፣ ወላጅ ይዤ እንድቀርብ ያዝዛል። ወላጆቼ በሕይወት ስለሌሉ ልጄን ይዤ እመጣለሁ። እናንተ ደግሞ ደብዳቤውን የቀዳችሁበትን ልጅ ፈቃድ ይዛችሁ ጠብቁኝ።