ማኒዮስ ድምፅ ሊሰጥ ሄደ

ማርች 16

የሰው ልብስ ሲያጥብ የሚውለው ባሌ የራሱን ቶጋ ሦስት ጊዜ አሳጠበኝ። ለነገ። ከመቄዶንያ ንጉሥ ጋር እንዋጋ ወይስ አንዋጋ የሚለውን ነገ የሮም ሕዝብ ይወስናል አሉ። ሕዝቡ! ሕዝቡ እኮ ማኒዮስ ነው... ቆሻሻ ያስለቅቃል ተብሎ ቀኑን ሙሉ ሽንት ውስጥ ቆሞ የሀብታም ልብስ የሚረግጠው ማኒዮስ።

"የኔ ድምፅ ባይኖር ሮም ምን ትሆን ነበር?" ይለኛል።

"ሽታዋ ይቀንስ ነበር" አልኩት።

ማርች 17

ፀሐይ ስትጠልቅ እያነከሰ መጣ። ፊቱ ግን በርቷል። ከካርቴጅ ጋር ዘመኑን ሲዋጋ የኖረ ሰው፣ ምን ይፈረድበታል?

"ፖፒሊያ፣ የጦርነቱን ሐሳብ ውድቅ አደረግነው!"

"አንተ ምን ብለህ ድምፅ ሰጠህ?"

ጫማውን መፍታት ጀመረ።

"ማኒዮስ..."

"መጀመሪያ ፈረሰኞቹና ሀብታሞቹ ናቸው የሚሰጡት። አንዱ ወገን ከግማሽ ካለፈ ድምፁ ይቆማል። እኛ ጋ አልደረሰም።"

ቀኑን ሙሉ በገመድ የታጠረ ሜዳ ላይ ገትረውታል። ሜዳውን "የበጎች በረት" ነው የሚሉት። ስሙን እኔ አላወጣሁትም!

ማርች 28

ቆንሲሉ፣ የዓመቱ ገዢያችን፣ እምቢታውን አልወደደውም። ሕዝቡን እንደገና ሰበሰበ። "እኛ ካልሄድንባቸው ይመጡብናል" አለ አሉ። መቼም የማይመጣብን የለም። ጎረቤቶቻችንን ሁሉ አንድ በአንድ የዋጥናቸው "ሊውጡን ነው" እያልን አይደል? እንዲህ ያለ ፈሪ ነው ዓለምን ሊገዛ የተነሳው።

ሀብታሞቹ ይሁን አሉ። አለቀ። ማኒዮስ ጋ አሁንም አልደረሰም።

ኤፕሪል 4

ለዘመቻ ስም ሲጠራ ግን ወዲያው ደረሰው።

የቀድሞ ወታደር ያለፈቃዱ አይሄድም ተብሎ ነበር። "እኔ አልፈልግም" ሲላቸው ጸሐፊው ራሱን ነቅንቆ አንድ ነገር ጻፈ። በኋላ የጻፈውን ለሌላ ሹም ሲያነብለት ሰማ... "በፈቃዱ"።

"ታዲያ ለምን አልጮህክም?"

"ሁሉም ዝም አለ፣ ፖፒሊያ።"

ስድብ አፌ ላይ መጣ። ጉልበቱን እያሻሸ ነበር። ዋጥኩት።

ኤፕሪል 19

ሄደ። በሩ ላይ "ወፍራሙን ጨርቅ ለብቻ እጠቢው" አለኝ። ሌላ ምንም።

ሜይ 2

ዛሬ ውሃ ልቀዳ ሄጄ ጎረቤቴ ቲቱሪያ ጀመረችኝ። "ያንቺ መራጭስ? ራሱን መርጦ ላከ አሉ!"

ሴቶቹ ተንከተከቱ። እኔ ነኝ ያስለመድኳቸው፤ ክረምቱን ሙሉ በማኒዮስ ያሳቅኳቸው እኔ ነኝ።

እንስራዬን አነሳሁና ደፋሁባት። ሙሉውን።

"አበድሽ እንዴ አንቺ ሴትዮ?"

"ባሌን መስደብ ለኔ ብቻ ነው የተፈቀደው!"

ማንም አልሳቀም። ደግሜ ቀድቼ ቤቴ ገባሁ። ወፍራሙን ጨርቅ ለብቻ አጠብኩት።