ከላይ የምትጻፍ አንዲት መስመር

ጥቅምት 4
ተራ ቀን። ብርድ። አሥራ ሁለት ነፍሰ ጡሮች ለክትትል መጡ። ከሰዓት በጤና ጣቢያችን የቴሌግራም ቻናል ላይ ማህፀን ውስጥ ስለሞተ ሕፃን ጻፍኩ... ምልክቱን እንዲያውቁት ብዬ። ጥሩ የጻፍኩ መሰለኝ።

ጥቅምት 6
ዘይነብ ቀረች። የሰባት ወር ናት፤ የደም ግፊቷ ከፍ ስለሚል መቅረት የለባትም። አምና የመጀመሪያ ልጇ ሞቶ ነው የተወለደው። ደወልኩላት።
«ጽሑፍሽን ስለ ምግብ መስሎኝ ሱቅ ቁጭ ብዬ ከፈትኩት» አለች። «አልመጣም። የጤና ጣቢያውን በር ሳስበው ያመኛል።»
እኔ ነኝ ያባረርኳት?

ጥቅምት 7
የጻፍኩት እኮ እውነት ነው! አብራኝ የምታዋልደው ዓይናለም ሳቀችብኝ። «መርዶ እንኳ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሰውዬው ቁጭ ብሎ ነው የሚነገረው። አንቺ ዝም ብለሽ ትወረውሪዋለሽ።»
አናደደችኝ። ግን ልክ ናት።

ጥቅምት 8
ዛሬ ከወሊድ በኋላ ስለሚመጣ ደም መፍሰስ ስጽፍ ከላይ ማስጠንቀቂያ አደረግሁ፦ «ልብ የሚሰብር ነገር አለ፤ ራሳችሁን አዘጋጁ።»
ጉድ ፈላ! አያ ይሻው ከገሳይ ቀበሌ ደወሉ። ልጃቸው ትናንት እኛ ጋ ወልዳለች። የጎረቤት ልጅ ያቺን መስመር ብቻ አንብባላቸው...
«ልጄ ተረፈች ወይ፣ እታለም?»
«ደኅና ናት አያ ይሻው፣ አጥሚት እየጠጣች ነው።» አላመኑኝም። ስልኩን ለራሷ ሰጠኋት።
ማስጠንቀቂያዬ ራሱ መርዶ ሆነ ማለት ነው። ይገርማል። ሰው የሚፈራው ምንድን ነው? ነገሩን ወይስ አለማወቁን?

ጥቅምት 10
ዘይነብ ሱቅ ሄድኩ። ስለ ክትትሉ አላነሳሁም። ምን ብዬ ብጽፍ ይሻልሽ ነበር? አልኳት ብቻ። ጨርቅ እያጠፈች አሰበች።
«ምን እንደሆነ በግልጽ በይ። የሞተ ሕፃን ከሆነ የሞተ ሕፃን በይ። ማንበቡን እኔ ልምረጥ።» ጨርቁን አስቀምጣ፣ «አምናም ማንም አልነገረኝም። የልጄን የልብ ምት ስትፈልጉ ዝም አላችሁ። ፊታችሁን አይቼ ነው ያወቅኩት።»
ዝም ካሉት አንዷ እኔ ነበርኩ። አፈርኩ።

ጥቅምት 11
የጥቅምት 4ቱን ጽሑፍ አስተካከልኩ፦ «ይህ ማህፀን ውስጥ ስለሞተ ሕፃን ነው። ሰሞኑን እዚህ የሆነ ነገር አይደለም። ዛሬ ካልፈለጋችሁ እለፉት፤ ምልክቶቹን ለብቻቸው ከታች ታገኛላችሁ።»

ጥቅምት 15
ዘይነብ መጣች!
ማዳመጫውን ሆዷ ላይ ሳላሳርፍ ነገርኳት። «ልቡን ለማግኘት ትንሽ ልቆይ እችላለሁ። ዝም ካልኩ እየፈለግሁ ነው። ያየሁትን ሁሉ እነግርሻለሁ።» ራሷን ነቀነቀች።
ቆየሁ። ዓይኗን አልጨፈነችም... አገኘሁት። አሰማኋት።
«አልሐምዱሊላህ» አለች። ነጠላዋን እያስተካከለች ደግሞ፣ «ዝም ስትይ አልፈራሁም» አለችኝ።