«ሰው የለበትም» ስላልኩት ሜዳ ለማዘጋጃ ቤቱ ኃላፊ የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የማዘጋጃ ቤቱ ኃላፊ፣

ይህ ደብዳቤ እርስዎን በሙሉ ጤንነት፣ ቤተሰብዎን በደስታ፣ ወንበርዎንም ከነምቾቱ እንዲያገኝ ከልብ እመኛለሁ። እኔ በአካል ደህና ነኝ፤ እንቅልፍ ግን ከሦስት ሳምንት ወዲህ ፊቱን አዙሮብኛል።

ከትልቁ ከተማ በአውቶቡስ የአንድ ሰዓት መንገድ ስለምትርቀው፣ በጥድ ስለተከበበችው ትንሽ ከተማዎ «የአንድ ቀን ሽርሽር» በሚለው የጋዜጣ ዓምዴ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ጠዋት ሄዶ ማታ መመለስ ለሚፈልግ ሁሉ መንገዱን አሳየሁ፤ ከመናኸሪያው ወርዶ የእንጨት መሰንጠቂያውን አጥር ይዞ ጥዶቹ መሃል እንዲገባ መከርኩ። «ከጥዶቹ ጀርባ ሰፊ ሜዳ አለ፤ ሰው የለበትም» ብዬም አስነበብኩ። ባለፈው ወር ሜዳው የሽርሽረኞች መኪና ማቆሚያ እንዲሆን መወሰኑን የሚገልጸውን ማስታወቂያዎን ሳነብ፣ ይህችው ዓረፍተ ነገሬ በትእምርተ ጥቅስ ተከባ ጠበቀችኝ። ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1. ባለሥልጣን ጋዜጣ አያነብም እያሉ የሚያሙትን ስላሳፈሩልኝ አመሰግናለሁ። ማንበብ ብቻ ሳይሆን አምነውኛል። በሠላሳ አንድ ዓመት ሥራዬ እንዲህ ያመነኝ አንባቢ አላጋጠመኝም፤ ባለቤቴ እንኳ ስለ አየሩ የጻፍኩትን መስኮት ከፍታ ታጣራለች።

2. ከቢሮዎ እስከ ሜዳው ያለውን የአሥራ ሁለት ደቂቃ መንገድ በእግርዎ ባለመሄድዎ ጫማዎ ከጭቃ መትረፉ አስደስቶኛል። ሄደው ቢሆን ኖሮ ከሜዳው ጫፍ ባለ ሁለት ክፍል የጣውላ ቤት፣ ከደጁም በጣሳ የተደረደሩ ከሺህ የሚበልጡ የጥድ ችግኞች ባገኙ ነበር። ችግኞቹን የሚያፈሉት የከተማዎ ሰው «እማማ ጥድ» የሚላቸው አሮጊት ናቸው። ዛሬ ሽርሽረኛው ጥላቸው ሥር ከሚያርፍባቸው ዛፎች አብዛኞቹን ከሟች ባለቤታቸው ጋር ሆነው የተከሉት እሳቸው ናቸው። ስለ እሳቸው ምንም አላነበብኩም ይሉኝ ይሆናል። እውነትዎን ነው።

3. ይህ ቅሬታ እርስዎን አይመለከትም፤ የሚመለከተው ሰው ግን አቤቱታ የሚቀበልበት ቢሮ ስለሌለው እዚሁ አስገብቼዋለሁ።

ያን ቀን ሜዳው ላይ ዝናብ ያዘኝና ተጠርቼ እማማ ጥድ ቤት ገባሁ። ካልሲዬን ምድጃቸው አጠገብ አደረቁልኝ። ለተከላ የደረሰውን ችግኝ ካልደረሰው እንዴት እንደሚለዩት አሳዩኝ። ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ውሃ የሚያመላልሱት ብቻቸውን መሆኑን እየሳቁ አጫወቱኝ። ይህን ሁሉ ጽፌው ነበር። እንዲያውም ከላይ «ሰው የለበትም» ያልኩት፣ ከታች «መስሎኝ ነበር፤ አንድ በር ተከፈተና ግባ ተባልኩ» ብዬ ላፈርሰው ነበር። ገጹ ሲሠራ ግን ጽሑፉ በአሥራ አንድ መስመር ረዘመ። በእኛ ሙያ ጽሑፍ ሲረዝም ከታች ይቆረጣል። እማማ ጥድ የነበሩት ከታች ነው። ማንም አላዘዘኝም፤ በገዛ እጄ ቆረጥኳቸው፤ ከዚያም ምሳዬን በላሁ።

ማስታወቂያዎ ከወጣ በኋላ ሄጄ አየኋቸው። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። በአራት ያጠፉትን ጋዜጣ ዘርግተው ጭኔ ላይ አስቀመጡልኝና፣ «ልጄ፣ ከላይ እስከ ታች አስነበብኩት። እኔ የቱ ጋ ነኝ?» አሉኝ።

ጋዜጣውን እንደነበረው በአራት መልሼ አጠፍኩት።

4. እማማ ጥድ ላቀረቡት አቤቱታ ጽሕፈት ቤትዎ «በቦታው ነዋሪ አለመኖሩ በታተመ ጽሑፍ ተረጋግጧል» ብሎ በሁለት ቀን መልስ መስጠቱን አደንቃለሁ። የእኛም መሥሪያ ቤት ከእርስዎ አያንስም። አለቃዬን እርማት ይውጣልኝ ብዬ ብለምናቸው፣ እርማት የሚወጣው ስሙ ለተሳሳተ ሰው እንጂ ጭራሽ ላልተጠቀሰ አይደለም አሉኝ። አንዲት አሮጊት የሉም ለማለት ሁለት መሥሪያ ቤቶች እንዲህ ሲተባበሩ ማየት ብርቅ ነው። ለዚህም ነው እርማት ሳልል ደብዳቤ ብዬ በራሴ ዓምድ የጻፍኩልዎ።

ሜዳውን የሚጠርገው ዶዘር ሰኞ ጠዋት እንደሚገባ ለእማማ ጥድ ተነግሯቸዋል። ሁለት ክፍል ቤት በአንድ ቀን ሌላ ቦታ ሊሠራላቸው ይችል ይሆናል፤ ያን ሁሉ ችግኝ ግን እሳቸው በዚህ ዕድሜያቸው እንደገና ከዘር አያፈሉትም። ስለዚህ በታላቅ ትሕትና የምለምንዎ፣ በታተመ ነገር የሚያምኑ ከሆነ ይህም ታትሟልና እንዲያምኑልኝ ነው፦ ከጥዶቹ ጀርባ ባለው ሜዳ ሰው ይኖራል። የለበትም ያልኩት እኔ ነኝ፤ ተሳስቻለሁ፤ መሳሳቴንም አውቅ ነበር።

ለሥልጣንዎ ያለኝን ከፍ ያለ አክብሮት፣ ለራሴም የቀረኝን ጥቂት ግምት እያቀረብኩ፣

የዓምዱ አዘጋጅ፣ አሳሳችዎ

ድኅረ ጽሑፍ፦ በመኪና ማቆሚያው ምረቃ ላይ የክብር እንግዳ እንድሆን የላኩልኝ ግብዣ ደርሶኛል፤ አመሰግናለሁ። እኔ ግን ቀደም ብዬ ሰኞ ጠዋት በአንድ ሰዓት እማማ ጥድ ደጃፍ ላይ እገኛለሁ። ሹፌሩ ከዶዘሩ ወርዶ እዚህ ሰው አለ ወይ ብሎ ቢጠይቅ፣ ጋዜጣ ሳይገልጥ የሚመልስለት አያጣም።