ወደ ድንጋዩ ሥር

ሐሙስ፣ የካቲት 12

ዛሬ መብራት ስለነበረ ገና ያልተሠራችውን ትንሽ ሰርጓጅ መሣሪያ ኮምፒውተሬ ላይ ስሞክር ዋልኩ። ፕሮግራሙ ቅርጿን፣ ሞተሯንና ባትሪዋን አንድ ላይ ይፈትሻል፤ አንዱን ሳስተካክል ሌላው ይዛባል። አናደደኝ።

የጀመርኩት ለጎረቤታችን ለእትዬ ዘውዴ ብዬ ነው። ልጃቸው ዓሣ ሊያጠምድ ሄዶ ተከዜ ግድብ ውስጥ ሰጥሞ ቀረ። አስከሬኑ አልተገኘም፤ መሣሪያዋ ስትሠራ እሱን ትፈልጋለች ብዬ ነው። እሳቸውም "ሳልቀብረው የምን ተዝካር ነው?" ብለው እምቢ እንዳሉ ናቸው።

ከሰዓት በኋላ መጡ። መሣሪያዋ ሰማያዊው ውሃ ውስጥ ስትዋኝ ሲያዩ ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አሉ።

"ውሃው ይኸ ነው?"

"አዎ፣ እትዬ" አልኩ፣ ሐሳቤ ባትሪው ላይ ሆኖ።

"እስቲ ዝቅ አርጊልኝ፣ ልጄ። ወደ ድንጋዩ ሥር።"

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ልጃቸውን እየፈለጉ ነበር። ውሃውንም ድንጋዩንም የሠራሁት እኔ ነኝ፣ እዚያ ማንም የለም ልላቸው አፌን ከፈትኩ። ግን መሣሪያዋን ዝቅ አደረግኩላቸው።

ሲወጡ "ነገ ደግሞ በወዲያኛው ዳር እናያለን" አሉኝ።

ነገ መብራት ባይመጣ ይሻለኛል።